ጆሮ ያደርሳል፣ አንጎል ይሰማል

ከቤተሰብ ማዕዘን

በጦር ሰፈር ኑሮ ውስጥ ከሚያጋጥሙት የትዳር ቅሬታዎች አንዱ «ስናገር አይሰማኝም» የሚለው ነው። ባለቤቲቱ ከማድ ቤት ሆና ስትጣራ ባልየው ዝም ይላል። ደግማ ስትጠራው «ምን እያልሽ ነው? ለምን ድምፅሽን ከፍ አታደርጊም?» ይላታል። ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ደግሞ «ምን ያስጮኽሻል?» ሲል ይቆጣል። እርሷ «ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ» ብላ ታዝናለች፤ እርሱም «በገዛ ቤቴ ይጮኽብኛል» ብሎ ይከፋዋል። ሁለቱም የሚናገሩት የተሰማቸውን ነው፤ ይሁን እንጂ የጠቡን ምንጭ ሁለቱም አላገኙትም። ምንጩ ድምፅ ከጆሮ ተነስቶ፣ ቃል ሆኖ ልቡና እስኪገባ ድረስ በሚያልፍበት መንገድ ላይ የደረሰ ጉዳት ሊሆን ይችላልና።

በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው ይህንኑ መንገድ ነው። የሰው ንግግር በሰሚው አንጎል ውስጥ እንዴት ቃል እንደሚሆን፣ መንገዱ ሲታወክ ምን እንደሚከተል፣ ከዚያም በምሽግም ሆነ በቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚገባ እናብራራለን። አስቀድመን ግን አንድ ቁም ነገር እናስጨብጥ፤ ንግግር ተናጋሪው አፉን ሲዘጋ አያልቅም። የሚያልቀው በሰሚው አንጎል ውስጥ ነው። ስለዚህ መልእክት ማድረስ የተናጋሪውና የሰሚው የጋራ ሥራ ነው።

ድምፅ ቃል የሚሆንበት መንገድ

ድምፅ የአየር ርግብግብታ ነው። ርግብግብታው የጆሮን ታምቡር ይመታል፤ ታምቡሩም ከበስተኋላው ያሉትን ሦስት ደቃቅ አጥንቶች ያንቀሳቅሳል። እነዚህ አጥንቶች በሰውነታችን ካሉት ሁሉ ያነሱ ናቸው። እነርሱም እንቅስቃሴውን የቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደሚመስለውና በፈሳሽ ወደተሞላው የውስጥ ጆሮ ያስተላልፋሉ። በዚያም በእያንዳንዱ ጆሮ ወደ 15,000 የሚጠጉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ተሰልፈው ይገኛሉ። ከፊሎቹ ለቀጭን፣ ከፊሎቹ ለወፍራም ድምፅ የተመደቡ ናቸው። እንቅስቃሴው ሲደርሳቸው ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለወጥና በነርቭ አማካይነት ወደ አንጎል ይላካል።

እስከዚህ ድረስ የተላከው ምልክት ገና ቃል አይደለም። በጽሑፍ ቃልን ከቃል የሚለይ ሁለት ነጥብ ወይም ባዶ ቦታ አለ፤ በንግግር ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ምልክት የለም። በተለመደ ፍጥነት የሚናገር ሰው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከ10 እስከ 15 የሚደርሱ ነጠላ ድምፆችን አከታትሎ ያወጣል። የማናውቀውን ቋንቋ ስንሰማ ንግግሩ መጀመሪያና መጨረሻ እንደሌለው ገመድ የሚመስለን ስለዚህ ነው። ገመዱን በየቦታው እየቆረጠ ቃል የሚያደርገው አንጎል ነው፤ በተለይም ከጆሮዎቻችን በላይ በሁለቱም ጎን የሚገኘው የአንጎል ክፍል።

አንጎል በዚህ ሥራው ምን ያህል ረቂቅ ልዩነት እንደሚይዝ ለመገንዘብ የራሳችንን ቋንቋ እንመልከት። «ጠላት መጣ» እና «ጠላት መታ» በሚሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት የ«ጠ» እና የ«ተ» ልዩነት ብቻ ነው። «ጠ» ስንል ጉሮሮ ለቅጽበት ተዘግቶ ድምፁ ከአፍ ውስጥ ይፈነዳል፤ «ተ» ስንል ግን እስትንፋሱ ሳይዘጋ ይወጣል። ከዚህም የሚረቅ አለ። «ጠላት ይመታል» የሚለውን አላልተን ስናነበው መቺው ጠላት ነው፤ አጥብቀን ስናነበው ግን ተመቺው ጠላት ነው። በጽሑፍ ላይ ምንም ልዩነት የለም። በንግግር ግን ጥቂት የሰከንድ መቶኛዎች የምትሆን የመጥበቅ ጊዜ መቺውን ከተመቺው ትለያለች። አማርኛ አፉን የፈታ ሰው ይህን ያለ ድካም ይለያል፤ ቋንቋውን በጉልምስናው የተማረ የውጭ አገር ሰው ግን ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ጨርሶ አይሰማውም።

ይህ ችሎታ የሚገኘው በአንቀልባ ላይ ነው። ፒተር ኤይማስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት፣ ገና የ1 ወርና የ4 ወር ሕፃናት «ባ»ን ከ«ፓ» እንደሚለዩ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ በካናዳ እንዳረጋገጡት፣ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤተሰብ የተወለዱ ሕፃናት በ6 እና በ8 ወር መካከል ሳሉ በሕንድኛና በአንድ የካናዳ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ውስጥ ያሉትን ባዕድ ድምፆች ይለያሉ፤ ዓመት ሲሞላቸው ግን ችሎታው ይደክማል። አንጎል በዙሪያው የማይሰማውን ልዩነት እየተወ የሚሰማውን እያጠነከረ ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ «ገና ምን ይገባዋል» ሳይባል፣ ሕፃን ታቅፎም ሆነ ታዝሎ ሊነጋገሩት ይገባል። እናት ለልጅዋ የምታወራው ሁሉ የቋንቋ መሠረት ነው።

አንጎል ቀድሞ ይገምታል

አንጎል ቃሉ ተነግሮ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ዘብ በር ላይ እጁን ዘርግቶ «መታ…» ሲል፣ በሰሚው አንጎል ውስጥ መታሰቢያ፣ መታጠቂያ፣ መታመን፣ መታወቂያ የሚሉት ቃላት በአንድነት ይቀሰቀሳሉ። ተከታዩ ድምፅ ሲመጣ የማይስማሙት ይወድቃሉ። በተጨማሪም ቦታው በር፣ ተናጋሪው ዘብ በመሆኑ ሰሚው ቃሉ ሳያልቅ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዊልያም ማርስለን-ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሰዎች የሚሰሙትን ንግግር እግር በእግር እየተከተሉ እንዲደግሙ ባደረገ ጊዜ፣ አንዳንዶቹ ከተናጋሪው የሩብ ሰከንድ ያህል ብቻ ወደኋላ ቀርተው ትርጉሙን ሳይስቱ ሲደግሙ ተገኝተዋል።

ግምቱ ሲፈርስም አንጎል ወዲያው ይነቃል። «ቡናውን አፍልታ በስኒ ቀዳችው» ቢባል የሚደንቅ ነገር የለም። «ቡናውን አፍልታ በጫማ ቀዳችው» ቢባል ግን፣ ያልተጠበቀው ቃል ከተሰማ ከ400 የሰከንድ ሺህኛ በኋላ ገደማ በራስ ቅል ላይ በሚለጠፍ መሣሪያ የሚመዘገብ የኤሌክትሪክ ለውጥ ይታያል። ማርታ ኩታስና ስቲቨን ሂልያርድ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ሲሆን፣ ያኔ የተጠቀሙበት በጽሑፍ የቀረበ ዐረፍተ ነገር ነበር። በኋላ በተነገሩ ቃላትም ተመሳሳይ ውጤት ተገኝቷል።

ይህ ግምት ታላቅ ጥቅም አለው፤ አደጋም አለው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ዋረን እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረበው ሙከራ፣ ከተቀዳ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ድምፅ ቆርጦ አወጣና በቦታው የሳል ድምፅ አስገባ። ከ20 አድማጮች 19ኙ ምንም የጎደለ ድምፅ የለም አሉ። አንጎላቸው የጎደለውን ከራሱ ሞልቶ፣ የሞላውንም በጆሯቸው እንደሰሙት አድርጎ አቅርቦላቸዋል። ከዚህ የምንረዳው ሰው በሁካታ መካከል የሚሰማው፣ በከፊል የተነገረውን፣ በከፊል ደግሞ የጠበቀውን መሆኑን ነው።

የመገናኛ ሠራተኞች ትእዛዝ የተቀበለው ክፍል መልሶ እንዲደግም የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው። መልሶ መድገም ያልተነገረውን የሞላውን አንጎል ይቆጣጠራል። ቁጥርን አንድ በአንድ መጥራትም እንዲሁ። በዓለም የአቪዬሽን መገናኛ ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደላት አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ እየተባሉ የሚጠሩበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 1956 ሥራ ላይ የዋለው፣ ቢ፣ ዲ፣ ፒ የሚሉት አጫጭር ስሞች በጩኸት መካከል ስለሚመሳሰሉ ነው።

የጦር አለቆች አንድ ነገር ጨምረው ሊያስቡበት ይገባል። በሠራዊቱ ውስጥ አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የተማሩ ጓዶች ብዙዎች ናቸው። በጸጥታ ቦታ እኩል ይሰማሉ። በሞተር ጩኸትና በሬዲዮ ማንሾካሾክ መካከል ግን፣ በሁለተኛ ቋንቋ የሚሰማ ሰው አፉን በቋንቋው ከፈታው ይልቅ እንደሚቸገር በተደጋጋሚ ጥናት ታውቋል። ይህ የማስተዋል ጉድለት አይደለም። ትእዛዙ አጭርና ጥርት ያለ ይሁን፤ ያልገባውም እንዲጠይቅ ይፈቀድለት።

ተኩስና የቤት ውስጥ ጠብ

አሁን ወደ መነሻችን፣ ማለትም «ስናገር አይሰማኝም» ወደሚለው ቅሬታ እንመለስ። የጠመንጃ ተኩስ ድምፅ ለተኳሹ ጆሮ ከ140 ዴሲቤል በላይ ይሆናል፤ የመድፍና የሞርታርማ ከዚያም ይከፋል። እንዲህ ያለው ድምፅ ቀደም ሲል የጠቀስናቸውን ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይጥላቸዋል። የሰው ልጅ እነዚህን ሕዋሳት መልሶ አያበቅልም፤ የሞተው ሞቶ ይቀራል። አስቀድመው የሚጎዱትም ብዙውን ጊዜ ለቀጭን ድምፅ የተመደቡት ናቸው።

በንግግር ውስጥ ጉልበት ያላቸው፣ ከሩቅ የሚሰሙት አናባቢዎቹ ናቸው። ሰ፣ ፈ፣ ሸ፣ ተ፣ ከ የመሳሰሉት ተነባቢዎች ግን ቀጫጭንና ደካማ ናቸው። በአማርኛ ደግሞ የቃሉ ሥር የቆመው በተነባቢዎች ላይ ነው፤ ሰበረ፣ ተሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት የሚሉትን ያስተሳሰሯቸው ሰ፣ በ፣ ረ ናቸው። ስለዚህ ጆሮው በተኩስ የተጎዳ ወታደር የሚስቱ ድምፅ ይሰማዋል፤ ቃሉ ግን አይለይለትም። «ልጁ ሲሠራ ዋለ» ብትለው «ልጁ ሲፈራ ዋለ» ሊመስለው ይችላል። ቀጭን ድምፅ ያላቸው የሴቶችና የሕፃናት ንግግር በተለይ ያስቸግረዋል። ከጓዶቹ ጋር ሲያወጋ ደህና ይሰማል፤ ከቤት ሲገባ «አይሰማም» ይባላል። ባለቤቱ ይህን ብትመለከት «ለእኔ ሲሆን ነው» ብላ ብትጠረጥር አይፈረድባትም።

መጮኹም አይረዳውም። የተጎዳ ጆሮ ዝቅ ያለውን ድምፅ ያጣል፤ ከፍ ያለውን ግን እንደ ጤነኛው ጆሮ ያህል፣ አንዳንዴም በሚያውክ ሁኔታ ይሰማዋል። «ከፍ አድርጊ» ያለው ሰው ወዲያው «ምን ያስጮኽሻል» የሚለው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ አንጎሉ ቀኑን ሙሉ የጎደሉትን ተነባቢዎች ሲገምትና ሲሞላ ስለሚውል፣ ማታ ደክሞት ዝም ማለትን ይመርጣል። ዝምታው ብዙ ጊዜ የድካም እንጂ የንቀት አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ስሙን ጠርቶ ፊቱን እንዲያዞር መጠበቅ፤ ከዚያ በብርሃን ቆሞ፣ ከንፈር እየታየ መናገር። አንጎል በዓይንም ይሰማልና። ሃሪ ማክገርክና ጆን ማክዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1976 እንዳሳዩት፣ በድምፅ «ባ» እየተሰማ በምስል የ«ጋ» ከንፈር ቢታይ ብዙ ሰው የሚሰማው «ዳ» ነው። ዓይን ለጆሮ የሚያቀብለው መረጃ ይህን ያህል ኃይል አለው። ሁለተኛ፣ ሬዲዮንና ቴሌቪዥን ዝቅ አድርጎ፣ ሳይጮኹ ረጋ ብሎ መናገር። ሦስተኛ፣ ያልተሰማውን ቃል ደጋግሞ ከማለት በሌላ አነጋገር መግለጽ። ባልም በበኩሉ «አልሰማሁም» ከማለት «ልጁ ምን ሲያደርግ ዋለ አልሽ?» ብሎ የሰማውን ያህል ይናገር፤ የጎደለው የትኛው እንደሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል። ከሁሉም በላይ ወደ ሐኪም ሄዶ ጆሮውን ያስመርምር። በተኩስ ልምምድ ጊዜም የተሰጠውን የጆሮ መከላከያ ያድርግ፤ በጆሮ የሚወተፍ ጥጥ ከተኩስ አያድንም።

ጆሮ ደህና ሆኖ አንጎል ሲቆስል

ከዚህ የከበደ ጉዳትም አለ። ጥይት ወይም ፍንጣሪ የአንጎልን የቋንቋ ክፍል ሲመታ፣ ወይም ስትሮክ የሚባለው የአንጎል የደም ሥር አደጋ ሲደርስ፣ ጆሮ ደህና ሆኖ ቃል ይጠፋል። ሐኪሞች ይህን አፌዥያ ይሉታል።

እ.ኤ.አ. በ1861 በፓሪስ አቅራቢያ በሚገኘው የቢሴትር ሆስፒታል ፖል ብሮካ የተባለው ሐኪም፣ ለ21 ዓመታት ያህል «ታን» ከሚል ድምፅ በቀር ሊናገር የማይችል አንድ ሕመምተኛ ተመለከተ። ሰውዬው የሚነገረውን በአብዛኛው ይረዳ ነበር። ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ጉዳቱ በግራ በኩል በፊተኛው ክፍል ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1874 ደግሞ ካርል ቨርኒከ የተባለ የ26 ዓመት ጀርመናዊ ሐኪም የተለየ ጉዳት ገለጸ። የእርሱ ሕመምተኞች አንደበታቸው ሳይያዝ ይናገራሉ፤ ንግግራቸው ግን ቃላቱ የተቀላቀሉ፣ ትርጉሙ የማይጨበጥ ነው፤ የሌላውንም ሰው ንግግር በሚገባ አይረዱም። ጉዳታቸው በግራ ጆሮ በላይ ወደ ኋላ ባለው ክፍል ነው። በዛሬው ዕውቀት ቋንቋ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ብቻ የታጠረ ሳይሆን በሰፊ መረብ የሚሠራ መሆኑ ታውቋል። ሆኖም ከቀኝ እጅ ተጠቃሚዎች ወደ 95 በመቶ የሚሆኑት፣ ከግራ እጅ ተጠቃሚዎችም አብዛኞቹ ቋንቋቸው በግራው የአንጎል ክፍል ላይ ያመዘነ ነው።

ለሠራዊት ቤተሰብ ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ የሶቪየት ኅብረቱ ሐኪም የአሌክሳንደር ሉሪያ ሥራ ነው። ሉሪያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በኡራል አካባቢ በነበረ ሆስፒታል አንጎላቸው የቆሰለ ወታደሮችን እንዲያገግሙ ያሠለጥን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው «የጠፋና የተመለሰ ዓለም» በተባለው መጽሐፉ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 በጭንቅላቱ የቆሰለውን የዛሴትስኪን ታሪክ ጽፏል። ይህ ወጣት መኮንን የቀላል ነገሮች ስም ይጠፋበት ነበር። «የወንድም አባት» እና «የአባት ወንድም» በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት መለየት አቃተው፤ እያንዳንዱን ቃል ያውቃል፤ የቃላቱ ዝምድና ግን አይያዝለትም። ቢሆንም ፊደል በፊደል እያሰበ መጻፍ ያልቻለው እጅ፣ ከወረቀት ሳይነሳ ቃሉን ባንድ ጊዜ ሲጽፍ እንደሚሳካለት ተገኘ። በዚህ መንገድ ለ25 ዓመታት ያህል እየታገለ ወደ 3,000 ገጽ የሚደርስ የሕይወት ታሪኩን ጻፈ። ቃል የጠፋበት ሰው ሐሳቡም ጠፋ እንዳይባል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ባለቤትዋ ወይም ወንድምዋ እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት እኅት ይህን ትያዝ። ጎረቤት «አእምሮው ተነካ» ብሎ ቢያማ፣ እርስዋ ግን የተጎዳው የቃል መንገድ እንጂ ማንነቱ አለመሆኑን ታስረዳ። በአጭር ዐረፍተ ነገር፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ትንገረው። «ሻይ ትፈልጋለህ?» የመሰለ፣ በራስ ንቅናቄ የሚመለስ ጥያቄ ትጠይቀው፤ ዕቃውንም ታሳየው። ቃል ሲፈልግ ትታገሰው፤ ከአፉ ነጥቃ አትጨርስለት። እንግዳ ሲመጣ «እርሱ አይሰማም» ተብሎ በፊቱ ስለ እርሱ አይወራ። መናገር የተሳነው ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚያውቀውን ዜማ ከነቃሉ ሲያዜም ይገኛል፤ ዜማውን አብራው ታዚም። ማገገም ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይወስዳል፤ በሥልጠና ግን ብዙዎች ይሻሻላሉ።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ጤነኛ የነበረ ሰው በድንገት አንደበቱ ቢተሳሰር፣ ንግግሩ ቢዘበራረቅ፣ ፊቱ ወደ አንድ ጎን ቢዛባ ወይም አንድ እጁ ቢዝል፣ «ትንሽ ይረፍ» ሳይባል፣ ምግብም መጠጥም ሳይሰጠው፣ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። በስትሮክ ጊዜ የሚባክን እያንዳንዱ ደቂቃ ከአንጎል ይቀነሳል።

ውድ ጓዶችና እኅቶች፤ በምሽግ ውስጥ መልእክቱ መድረሱን ሳያረጋግጥ መገናኛውን የሚዘጋ የሬዲዮ ሠራተኛ የለም። «ደርሷል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ይጠብቃል፤ ካልደረሰ በሌላ ቃል ይደግማል። ይኸው ሥርዓት ለቤትም ይሠራል። ዛሬ ማታ በቤታችሁ አንድ ቃል ሳይደርስ ቢቀር፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ፊት ለፊት ተቀመጡና አንድ ጊዜ ረጋ ብላችሁ ድገሙት።